የሚዜው ቡፌ

በሰፈራችን ደላላ ብዙ ነው፤ ሚዜው ግን አንድ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ጎረቤቶቹ ነን፤ የሚሸጥ ቤት እንደ ሙሽራ ሳያስጌጥ ለገዢ አያሳይምና። «ባዶ ቤት ጥርስ የሌለው አፍ ነው» ይላል። ይህን ሲናገር ወደ እኔ ባያይ ደስ ይለኝ ነበር።

ገዢ ከመምጣቱ በፊት የማይሠራው የለም። ሲጥ ሲጥ የሚለውን የበር ማጠፊያ ዘይት ይቀባል፣ ደብዛዛውን አምፖል አውልቆ ደማቅ ያስገባል፣ ለጎረቤት ውሻ አጥንት ይዞ ሄዶ ዝም እንዲልለት ይለማመጠዋል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በሩን ነቅሎ ጓሮ ይደብቀዋል፤ በር የሌለው ክፍል ሰፊ ይመስላል። ገዢው ከጠየቀ «ቀለም ሊቀባ ሄዷል» ይላል፤ በሩ በእግሩ የሄደ ይመስል።

ይህስ ባልከፋ። ክፋቱ ሙሽራይቱን የሚያለብሳት ከገዛ ቤቱ እያወጣ መሆኑ ነው። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው ሁሉ በየተራ ሥራ ይወጣሉ። እነሱ ቤት እንግዳ ሲመጣ ወንበር የሚዋሱት ከእኔ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ማለት ይኼ ነው። ሚስቱ ሁሉን ችላለት ኖራለች፤ አንድ ነገር ብቻ ከልክላዋለች፤ እናቷ የሰጠቻትን ቡፌ። ጥቁር እንጨት ነው፤ አንድ እግሩ አጠር ስለሚል የታጠፈ ቆርቆሮ ከሥሩ ይደረግለታል።

«አልጋውንም ከፈለግህ ውሰድ፤ ቡፌዬን ከነካህ ግን አንተም እዚያው ከእሱ ጋር ትቀራለህ» ብላዋለች።

ባለፈው ክረምት አንድ ቤት አልሸጥ አለው። የሳሎኑ ግድግዳ እርጥበት አውጥቶ ካርታ መስሏል። ቀለም ቀባው፤ ካርታው ተመልሶ መጣ። ሥዕል ሰቀለበት፤ ካርታው ከሥዕሉ ሰፋ። ልኩ ቡፌው ብቻ ነበር። ሚስቱ እህቷን ልትቀበል መናኸሪያ በሄደችበት ጠዋት መጣና፣

«ጋሼ፣ አንዴ ቢያግዙኝ?» አለኝ።

«ባለቤትህ ታውቃለች?»

«ሳትመለስ እመልሰዋለሁ።»

«እንግዲያው ወገቤን አሞኛል» አልኩት። ወገቤ ደህና ነበር። እሱም ሁለት ተሸካሚ ጠርቶ ወሰደው።

አውቶቡሱ ግን ቀድሞ ገባ። ሚስቱ ከእህቷ ጋር ስትመለስ ቤቷ ባዶ አዳራሽ ሆኖ ጠበቃት። በአጥር ብቅ ብላ፣

«ጋሼ፣ ቡፌዬ የት ሄደ?» አለችኝ።

እግር አውጥቶ ሄደ ልላት ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ውሸት አያምርም። ነገርኳት። ሁለቱ እህትማማቾች ወደሚሸጠው ቤት ሲሄዱ እኔም ተከተልኩ፤ አስታራቂ ቢያስፈልግ ብዬ እንጂ ለወሬ አይደለም።

ሚዜው ገዢ ሊያመጣ ሄዷል፤ የእርጥበቱ ሽታ እንዲወጣለት ቤቱን ከፍቶ ትቶታል። እህትየው ገብታ ሶፋውንም ምንጣፉንም አወቀች።

«ቤት ቀየራችሁ እንዴ?»

«ዕቃዬ ነው የቀየረው» አለች ሚስቱ፤ ጫማዋን አውልቃም በገዛ ሶፋዋ ላይ ተዘረጋች።

ሚዜው ከአንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ጋር እያወራ ገባ። «ይሄ ሳሎን፣ ሲስተር፣ ሰው የሚያድርበት ብቻ ሳይሆን...» ሚስቱን ሶፋው ላይ አየና በሩ ላይ ቆመ።

«የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አሉ ነርሷ።

«የቤቱስ አይደለሁም፤ የቡፌው ነኝ።»

«እኔማ ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ከነቡፌው ከሆነ ዛሬውኑ እንዋዋል።»

ክረምቱን ሙሉ ሲለምነው የኖረው ቃል ነበር። ሚዜው ወደ ነርሷ አየ፤ ወደ ሚስቱ አየ፤ ወደ እኔም አየ። ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል ቀና አልኩ። ሚስቱ ጫማዋን መልሳ አጠለቀች።

«ሲስተር፣ ቡፌው አይሸጥም» አለ በመጨረሻ። ሄዶም በትከሻው ገፋው። «ከኋላው ያለው ግን ከነቤቱ ነው የሚሸጠው።»

ካርታው ብቅ አለ። ነርሷ የሕመምተኛ ግንባር እንደሚነኩ ሁሉ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«ቧንቧው ነው?»

«ቧንቧው ነው።»

«ታዲያ የታመመ ሰው ልብስ ስለተደራረበለት ይድናል? አስጠግንና ጥራኝ፣ ወንድሜ» ብለው ሄዱ። በኋላ ተጠግኖ ቤቱን እሳቸው ገዙት፤ ያን ዕለት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ተሸካሚዎቹ ሌላ ሥራ ይዘው ስለነበር ቡፌውን ከፊት ሚዜው፣ ከኋላ ሁለቱ እህትማማቾች ያዙት፤ እኔ መንገድ አስለቀቅኩ። ቤት ሲደርስ ቡፌው ተንገዳገደ። ቆርቆሮው እዚያው ቀርቷል። ሚዜው መሬት ላይ ተንበርክኮ አዲስ ቆርቆሮ ያጥፍ ጀመር።

«ወደ ግራ አዘነበለ» አለች እህትየው።

«አሁንስ?» አለ ከሥር።

ሚስቱ እጇን አጣጥፋ፣ ገዢ እንደሚያይ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«እስቲ እንደገና ሞክር» አለችው።