ፊቱ የተበጠሰው ሜትር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ችካል ተሸክሞ መከተል ነበር። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ ቅየሳ እየተማርኩ ለተግባር ልምምድ ወደ አንዲት የገበያ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ተላክሁ፤ ስጨርስ እዚያው ቀጠሩኝ። አሁን ሁለት ዓመት ሞላኝ። ሁለት ዓመት ምን ዘመን ነው ትሉ ይሆናል፤ ችካል ለተሸከመ ሰው ግን ዘመን ነው።

አለቃዬ ጋሽ አንዷለም ይባላል፤ የከተማዋ ቀያሽ እሱ ብቻ ነው። የቢሮው የብረት ሜትር ፊቱ ተበጥሶ የመጀመሪያው ሃምሳ ሳንቲሜትር የለውም። ጋሽ አንዷለም የተበጠሰበት ላይ በሽቦ ቀለበት አሥሮለታል። በመጀመሪያው ቀን ያስተማረኝም ይህንኑ ነው፤ አሥር ሜትር ስፈልግ አሥር ከሃምሳ ላይ እንዳነብ። ሌላ ሜትር ተጠይቆ ነበር፤ አልመጣም።

ሁለተኛው ትምህርት ፕላኑ ነው። በዋናው መንገድ ዳር የሚሠራ ቤት ሁሉ ፊቱ ከመንገዱ መሃል አሥር ሜትር ላይ ይቆማል። ወደ ፊት አይወጣም፣ ወደ ኋላም አይሸሽም። ከፊቱ አጥር የለም፤ በሩ በቀጥታ ወደ እግረኛ መንገዱ ይከፈታል። ከኋላ ባሉት ሰፈሮች ግን ቤቱ ገባ ይላል፤ አጥርም ጓሮም ይፈቀዳል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከተማ ስገባ ሰው ሳይሆን ማዕዘን ነው የማየው። እናቴ አንገትሽ ሊጣመም ነው ትለኛለች።

ከዲማ በኩል የመጡ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ልብስ ሰፊ ለሆነች ልጃቸው ቤት ሊሠሩላት ዋናው መንገድ ዳር ባዶ ከነበረው ቦታ ላይ የመጀመሪያውን ይዞታ ወሰዱ። አጥር አይፈቀድም ሲባሉ ተቆጡ። ቤት ደጅ ከሌለው እንግዳ የት ቆሞ ቤቶች ይላል ብለው ጠየቁ። ጋሽ አንዷለም ልብስ ሰፊ ከአጥር ጀርባ ደንበኛ እንደማታገኝ፣ ቤቶቹ መስመር ይዘው ሲቆሙ መንገዱ ለሁሉም እንደሚመች ቀስ ብሎ አስረዳቸው።

«እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ልጄ ከአህያ ጋር ፊት ለፊት እየተያየች ትኑራ» አሉና ፈረሙ።

ችካሉ የሚመታው በገበያ ቀን ሆነ። ጋሽ አንዷለም መንገዱ መሃል ቀለበቱን ይዞ ቆመ፤ አህዮቹ በግራና በቀኙ ያልፋሉ። «ዛሬ አንቺ ምቺው» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ መዶሻው በእጄ ገባ። ከደስታዬ ብዛት አሥር የሚለው ቁጥር ብቻ ታየኝ፤ እሱ ላይ መታሁት። ጋሽ አንዷለም አምኖኝ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የየኔታ መሠረት ጉልበት ደረሰ። ከጎናቸው ያለው ይዞታ የአያ ደመላሽ ነው፤ እህል ነጋዴ ናቸው፣ የፊት ጥርስ የላቸውም። ቀለበቱን ከሚይዝልኝ የቀን ሠራተኛ ጋር ልንለካላቸው ስንሄድ ከየኔታ ማዕዘን ላይ ሲባጎ ወጥረው ጠበቁን። በእኛ ከተማ እንዲህ ነው፤ ፕላን የሚያይ የለም፣ ሰው የሚሠራው የጎረቤቱን ማዕዘን አይቶ ነው። እኔ አሥር ከሃምሳ ላይ ለካሁ። ችካሌ ከሲባጎው ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ አረፈ።

«ምነው ልጄ፣ ችካልሽ ፈርታ ሸሸች?» አሉኝ አያ ደመላሽ።

እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። የየኔታን ችካል አሥር ላይ መትቼ ግማሽ ሜትር ወደ መንገዱ አውጥቼዋለሁ።

ለጋሽ አንዷለም ቢሮ ሄጄ ነገርኩት። አልጮኸብኝም፤ ፕላኑን ዘረጋና ከየኔታ ቀጥሎ ያሉትን አራት ይዞታዎች በጣቱ ቆጠረ። ሁሉም ያንን ማዕዘን ይከተላሉ፤ ግማሽ ሜትሩ እስከ ገበያው ይሄዳል፤ መንገዱም አንዴ ከጠበበ ማንም አያሰፋውም። የኔታን ደግሞ አፍርሱ ማለት አንችልም፤ የሠሩት በእኛ ችካል፣ በእሱ ፊርማ ነው።

«መለመን ብቻ ነው ያለን። የምትለምኚውም አንቺ ነሽ» አለኝ።

የኔታን መሠረታቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበት ስሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዝም ብንል ማንም እንደማያውቅም ጭምር። ከመሠረቱ ፊት ያለውን መሬት በመቋሚያቸው ጫር አደረጉ።

«ያቺ ግማሽ ሜትር እንግዲህ የማን ናት?»

«የሚያልፈው ሰው ናት፣ የኔታ።»

«ለእኔ መንገርማ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ጎረቤቶቼን እጠራለሁ። እነሱ ፊት ትናገሪያለሽ፤ ከዚያ ድንጋዩ ይነሣል።»

በማግስቱ አራቱም ባለይዞታዎች ቆመው ጠበቁኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። እንዲያምኑኝም ሜትሩን ከፍ አድርጌ የተበጠሰውን ጫፍ አሳየሁ። አያ ደመላሽ ቀረብ ብለው አዩት።

«ለካ እሷም እንደኔ የፊት ጥርስ የላትም» አሉ። የኔታ ሳይቀሩ ሳቁ።

ድንጋዩ የተያዘው በጭቃ ስለነበር ሥራው አልከበደም። ጋሽ አንዷለም ኮቱን አውልቆ ከግንበኞቹ ጋር ቆፈረ። አያ ደመላሽም ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። የፊቱን ግድግዳ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀብን። እጄ ተላጠ። አዲሱን ችካል የመታሁት እኔው ነኝ፤ ከመምታቴ በፊት ግን ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ዛሬ አምስቱም ቤቶች አንድ መስመር ይዘው ቆመዋል። በገበያ ቀን ጭነት የያዙ ሁለት አህዮች ሲተላለፉ በመሃላቸው ሰው ያልፋል። የኔታ ከልጃቸው ሱቅ በር ላይ ወንበር አስቀምጠው ይውላሉ። ባለፈው ሰላም ስላቸው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በመቋሚያቸው አሳዩኝ።

«ደጅ አይፈቀድም ብላችሁኝ ነበር። ይኸው፣ ከእኔ የሰፋ ደጅ ያለው የለም» አሉኝ።

የተበጠሰው ሜትር አሁንም ቢሮ ውስጥ አለ። ከእኔ በኋላ የምትመጡት እሱን ነው የምትይዙት። ከመዘርጋታችሁ በፊት ጫፉን እዩ። ከተሳሳታችሁ ደግሞ ጎረቤትየው ሲባጎ ሳይወጥር ተናገሩ።