ያለ ምራን የሠራሁት ማሽን

ገና ሲጀመር ልናገረው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን የምለው ትሑት ለመምሰል አይደለም። ትሕትና የሚባል ነገር ዛሬም ብዙ የለኝም፣ ያኔማ ጭራሹን አልነበረኝም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አስመራ አንድ ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ግራሶ ስጠርግ፣ ብሎን ስፈታና ስገጥም ቆይቼ ወደ አገሬ ወደ እስቴ ተመለስኩ። በከተማችን በመካነ ኢየሱስ ሰማያዊ ቱታ ለብሼ ሳልፍ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። በአጎራባቾቹ ከተሞች፣ ወገዳም ሆነ አርብ ገበያ፣ ወፍጮ ቆመ ሲባል በቅሎ የሚላክልኝ እኔ ነኝ። «መካኒኩ መጣ» ሲሉ ሰምቼ ደረቴን የማልነፋበት ቀን አልነበረም። ተው የሚለኝ ጠፋ እንጂ ጉራዬስ ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር።

ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ወንድም። እናቴም አባቴም በአንድ ክረምት በንዳድ ሲሞቱብኝ ወስደው ከሴት ልጆቻቸው ጋር አሳደጉኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ አግብተው ሄዱ፣ እኔም ወደ አስመራ ኮበለልኩ፤ እሳቸው ከሚስታቸውና ከሁለት በሬዎቻቸው ጋር ቀሩ። ሞፈርና ቀንበር በመጥረብ የታወቁ ነበሩ፤ እንጨት ተሸክሞ ደጃቸው ያልቆመ የአካባቢው ገበሬ የለም። የሚተዳደሩት ግን ወንዝ ዳር ባለችው ርስታቸው ነው። አምስት ጥማድ የማትሞላ፣ ስንዴና ሽንብራ የምታበቅል ጥቁር መሬት ነበረች።

ችግሩ ከዚያች መሬት በላይ የግራዝማቹ ግድብ መኖሩ ነው። ግራዝማቹ የአገሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ወንዙ ዳር የናፍጣ ወፍጮ አስተክለዋል፤ በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጡበትን ውሃ ለመያዝም ወንዙን በድንጋይና በስሚንቶ ገድበዋል። በግድቡ መካከል ከወፍራም የዋንዛ ሳንቃ የተሠራ መዝጊያ አለ። በበጋ ይዘጋል፤ ክረምት ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ወደ ላይ ተነሥቶ ውሃው ማለፍ አለበት። ካልተነሣ ውሃው በግድቡ ትከሻ ይዞርና በቀጥታ አጎቴ መሬት ላይ ይወርዳል። እኔ ከመመለሴ በፊት በነበረው ነሐሴ ስምንት ሰው በአጠና ሲታገል መዝጊያው ሳይነሣ ቀረ። ጎርፉ አንዱን ጥማድ ጠርጎ ወሰደው፤ የቀረው ድንጋይ ብቻ ነው። አጎቴ አቤት ቢሉ ግራዝማቹ፣ «መካኒክ የሆነ የእህት ልጅ አለህ አይደል? በሞተር የሚነሣ ያድርገው፤ የወፍጮው ሞተር እንደሆነ አጠገቡ ነው» አሏቸው።

የአጎቴ መሬት እኔ እጅ ላይ የወደቀው እንዲህ ሆኖ ነው።

ማሽኑን እንደሚከተለው አሰብኩት። የወፍጮው ሞተር በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ አንድ ረጅም ብሎን ያሽከረክራል። ብሎኑን ደብረ ታቦር ከተጣለ አሮጌ የዘይት መጭመቂያ ላይ አግኝቼዋለሁ። ብሎኑ ላይ ትልቅ ዳዶ ይገባል፤ ብሎኑ ሲዞር ዳዶው አብሮ አይዞርም፣ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይሄዳል እንጂ። ከዳዶው የሚነሣ የብረት ገመድ ከግድቡ በላይ በተሰቀለ ፑሌጃ፣ ገመድ በሚያዞር መንኮራኩር፣ ላይ አልፎ መዝጊያውን ሽቅብ ይጎትታል። አሳቡ ጥሩ ነው፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ።

ያበላሸሁት አገጣጠሙን ነው። ሁለት የወይራ ምሰሶ ተከልኩና የብሎኑን ሁለት ጫፍ በሁለቱ ምሰሶዎች ላይ በኩሽኔታ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። ዳዶው በሁለት ብረቶች መካከል እንዲሄድ አደረግኩ፤ ያንንም ወረቀት እንዳያሳልፍ አድርጌ አጠበቅኩት። ሲባጎ ወጥሬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ቀኑን ሙሉ ስለካ ዋልኩ። ቀጥ ያለ ነገር ነበር። እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር እስቴ ውስጥ ታይቶም አይታወቅ እያልኩ ለራሴ አወራለሁ።

አጎቴ አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለሱ ቆመው አዩት። አልነኩትም፤ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ይህ ሁሉ የተጠረቀመ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አያ።»

«አንዱ ምሰሶ ዘመም ቢልስ?»

«አይልም። በሲባጎ ለክቼዋለሁ።»

«እኔ ሞፈሩንና ቀንበሩን በሚስማር አልመታቸውም» አሉ። «በምራን ነው የማስራቸው፣ በጠፍር። ሁለት በሬ እኩል ሄዶ አያውቅም። አንዱ ሲቀድም ቀንበሩ ይዘማል፣ ጠፍሩ እሺ ይለዋል፣ ሞፈሩ አይሰበርም። የዚህስ ምራኑ የቱ ላይ ነው?»

ሳቅኩባቸው። «አያ፣ ይህ እኮ ብረት ነው፤ በሬ አይደለም» አልኳቸው። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብለውኝ ሄዱ። አኩርፈው እንዳይመስላችሁ፤ የምር የማውቅ መስሏቸው ነው። አንጀቴን የሚበላኝም እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ምሰሶዎቹን የተከልኩት በግንቦት ነው፣ ያውም መረሬ አፈር ላይ። ግራዝማቹ ለሰኔ ሚካኤል ድግስ የሚጠሯቸው እንግዶች እንዲያዩላቸው ፈልገው ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እያሉ አጣድፈውኛል። መረሬ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ያገኘውን ሁሉ ይገፋል። የእኛ አገር ሰው መረሬ ላይ ቤት አይሠራም፤ ለምን ብትሉት ማንም ይነግራችኋል። እኔም አውቅ ነበር እኮ። ያ ጭቃ እግሬ ላይ እየደረቀ ነው ያደግኩት። ነገር ግን ቱታውን የለበስኩ ዕለት እውቀቱን ከአሮጌው ልብሴ ጋር አውልቄ የጣልኩት ይመስለኛል። ቤት ይዘማል ብዬ አምናለሁ፤ ማሽን ይዘማል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ለሰኔ ሚካኤል ማሽኑ ሠራ። መዝጊያው የሰው እጅ ሳይነካው ሽቅብ ሲወጣ እንግዶቹ አፋቸውን ያዙ። ቄሱ ጸበል ረጩበት። ግራዝማቹም፣ ክረምቱ ሲወጣ የአውራጃው ሹም እንደሚመጡ፣ ማሽኑ ክረምቱን ካለፈ ደብረ ታቦር የመንግሥት ሥራ እንዲሰጡኝ እንደሚነግሩልኝ ነገሩኝ። አጎቴ ከሰዉ ኋላ ቆመው ነበር። ደስ ብሏቸዋል። ያለፈው ዓመት ጎርፍ አስፈርቷቸው ጦም ሊያሳድሩት የነበረውን የውሃውን ዳር ሁሉ በእኔ ተማምነው አርሰው ዘሩት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ውሃው ከመታየቱ በፊት ድምፁ መጣ። ሮጬ ሞተሩን አስነሣሁ፤ አጎቴም ከእርሻቸው እየሮጡ ደረሱ። ቺንጋው ያዘ፣ ብሎኑ መዞር ጀመረ፣ መዝጊያው አንድ ስንዝር ተነሣና ቀጥ አለ። ዞር ብዬ ሳይ አንደኛው ምሰሶ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ተገፍቷል። ብሎኑ ጎብጧል፤ ዳዶው በሁለቱ ብረቶች መካከል ተነክሶ አልንቀሳቀስ ብሏል። ቺንጋው እየተንሸራተተ ጎማ ጎማ ይሸታል። ውሃው ከግድቡ ትከሻ ለመድረስ የቀረው አንድ ክንድ ነው።

አጎቴ ገመዱ ፑሌጃው ላይ ወደሚገባበት ወጥተው በቀኝ እጃቸው ገመዱን ይዘው መነቅነቅ ጀመሩ።

«አጥፋው» አሉኝ። «ሞተሩን አጥፋውና ማሰሪያውን እናላላው።»

ትክክል ነበሩ። አንደኛውን ኩሽኔታ ብቻ ላላ ባደርገው ብሎኑ በዘመመው ምሰሶ ልክ ይዘም ነበር፣ ዳዶውም ይሄድ ነበር። ጊዜም ነበረን፤ ሁለት ማሰሪያ መፍታት ምን ያህል ይፈጃል? የግራዝማቹ ሰዎች ግን ከኋላዬ ቆመው ያዩኛል። ላብ በላብ ሆኛለሁ። እነሱ ፊት ማሽኔን ከምፈታ ሞት ይሻለኝ ነበር።

«ትንሽ ነው የቀረው አያ፣ ትንሽ ብቻ» አልኩና ነዳጅ ጨመርኩ።

ዳዶው በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ተለቀቀ። ገመዱ ወደ ፑሌጃው ሲገባ የአጎቴን እጅ ይዞ ገባ።

መዝጊያው ተነሣ። ውሃው በሥርዓቱ አለፈ፣ ከመሬታቸው አንድ እፍኝ አፈር አልሄደም። ይህን ሳስብ ዛሬም እብድ እሆናለሁ።

በቃሬዛ ተሸክመናቸው በዚያ ጭቃ መካነ ኢየሱስ ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ድሬሰሩ አራቱን ጣቶች ቆርጦ አውራ ጣታቸውን አተረፈ። ሁሉም ሲያበቃ አጎቴ፣ «እጄ እርፍ ይይዛል?» ብለው ጠየቁት። እርፉን በደንብ ካልጨበጡት ማረሻው መሬት አይነክስም፤ ይህን ድሬሰሩም ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ጨርቁን መጠቅለሉን ቀጠለ።

ሚስታቸው በሁለተኛው ቀን መጡ። የተጠቀለለውን እጅ አዩ፣ ከዚያ የእኔን ሁለት እጆች አዩ። ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ይቅርታም አልጠየቅኩም። ቤታቸው ከተመለሱ በኋላም ልጠይቅ እያልኩ በየቀኑ እሄዳለሁ፤ አጠገባቸው እቀመጥና ስለ ዝናቡ አውርቼ እመለሳለሁ። ክረምቱ ገና ነው፣ ነሐሴ አልገባም፣ ማሽኑ ጎብጦ ቆሟል። አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው፣ «ያን ነገር እንዲያው ልትተወው ነው? የዘራሁት እኮ እዚያ ነው ያለው» አሉኝ።

ከአልጋቸው ተነሥተው ደጅ ተቀመጡ። እንጨት አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ። ጠፍር አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ። መጥረቢያውን በግራ እጃቸው ይዘው አንድ አጭር ቀንበር የሚመስል ነገር ይጠርቡ ጀመር። እኔ እንጨቱን እይዛለሁ፣ እሳቸው ይጠርባሉ፤ አንዳንዴ መጥረቢያው ይስትና እኔን ሊመታኝ ይደርሳል፣ እኔ ግን እጄን አላነሣም ነበር። ቢያገኘኝ ደስታዬ ነው።

አሳቡ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው። ዳዶውን አጥብቀው ከያዙት ብረቶች አወጣነው። በግራና በቀኙ ጠፍር አሰርንለትና ከትንሹ ቀንበር ጋር አገናኘነው፤ የብረት ገመዱን ደግሞ ከቀንበሩ መካከል አሰርነው። ዳዶው አብሮ እንዳይዞር አንድ ዘንግ ብቻ፣ እሱንም ላላ አድርገን ተውንለት። የብሎኑን አንድ ጫፍ እንደታሰረ ትተን ሌላውን ጫፍ ቆዳ በለበሰ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ምሰሶው ወዴትም ቢዘም ተከትሎት ይዘማል። እኔ ሳላውቅ ማሰሪያ ባጠበቅኩ ቁጥር፣ «ተወው፣ ይተንፍስ» ይሉኛል። ብሎኑንም በመዶሻ መትቼ እንደነገሩ አቀናሁት፤ ፍጹም ቀጥ አላለም፣ እሳቸውም ግድ አልሰጣቸውም።

በነሐሴ ምሰሶው አራት ጣት ዘመመ። ዳዶው ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ትንሹ ቀንበር እየተንጋደደ፣ ለዓይን የሚያስጠላ ጉዞ ይሄዳል፤ መዝጊያው ግን በመጣው ጎርፍ ሁሉ ተነሣ። ስንዴው አሸተ።

በጥቅምት የአውራጃው ሹም መጡ። ግራዝማቹ ወደ ግድቡ ወሰዷቸው፤ ሰዉም ተሰበሰበ። ሞተሩን አስነሥቼ አሳየሁ። ሹሙ አዋቂ ሰው ነበሩ፤ ጎንበስ ብለው ጠፍሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና ምሰሶውን አዩ።

«ምሰሶህ ዘሟል፣ ማሽንህ ግን ይሠራል» አሉኝ። «እንዲህ አላልተህ እንድትሠራው ማን አሳየህ?»

አጎቴ ከሰዉ መካከል፣ ከእኔ አምስት እርምጃ ርቀው ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው። አየኋቸው። ግራዝማቹንም አየሁ፤ ደብረ ታቦርንም በልቤ አየሁ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «ራሴ ነኝ ያሰብኩት፣ ጌታዬ» አልኩ።

ሹሙ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ኅዳር ሳይገባ ሥራ እንድጀምር ነገሩኝ። ሰዉ እንኳን ደስ ያለህ እያለ ትከሻዬን መታኝ፤ አጎቴም በግራ እጃቸው ጨበጡኝ።

ወደ ቤት አብረን ተመለስን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ስንዴው አጠገብ ስንደርስ አልቻልኩም።

«አያ፣ እርስዎን መጥራት ነበረብኝ» አልኩ።

ቆሙ። አንዱን ዛላ በግራ እጃቸው አሽተው ፍሬውን አዩት።

«ደግ አደረግክ» አሉኝ። «እኔን ብትጠራ ኖሮ ወዲህ ና ይሉኛል። ሲያዩኝ፣ እጅህን ምን ነካው ይሉኛል። እኔ ደግሞ ውሸት አልችልም።»

ከዚያ መንገዱን ጀመሩ። ጥቂት እንደሄድን ዞር ሳይሉ፣ «ከመሄድህ በፊት ግን ምርቱን እኩል ተካፍሎ መሬቱን የሚያርስልኝ ሰው ፈልግልኝ» አሉ።

ፈለግኩላቸው። በሳምንቱም ደብረ ታቦር ሄድኩ።