ጾም የገደፈችው ላንድሮቨር

በደርግ ጊዜ ናፍጣ በኩፖን ነበር፤ ኩፖኑ ደግሞ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። እኔ ግን መላ አላጣሁም። ጉርድ ሾላ ሳምቡሳ ከሚጠብሱት ጎረቤቴ ከእትዬ ዘይነባ የተቃጠለ ዘይት እየወሰድኩ፣ በነጠላ አጥልዬ፣ ከናፍጣ ጋር ደባልቄ ላንድሮቨሬን አጠጣታለሁ። ጭሷ ሰፈሩን ያስርባል እንጂ ትሄዳለች። ጠላቷ ውሃ ብቻ ነው፤ የነዳጅ ጋኗ ውስጥ ጠብ ካለ ቀጥ ትላለች።

በሁዳዴ አንድ ቀን ወደ እንጦጦ ማርያም ስወጣ ዳገቱ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ አሳፈርኩ። ትንሽ እንደሄድን አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«መኪናዋ ናት አባ። የምግብ ዘይት ነው የምትጠጣው።»

«ዘይቱስ የጾም ነው። ምን ተጠብሶበታል?»

«ሳምቡሳ።»

«የምስር ነው የሥጋ?»

መስቀል የያዘ ሰው ፊት እንዴት ይዋሻል?

«የሥጋ» አልኩ።

«በሁዳዴ! አውርደኝ!»

ወርደው በእግራቸው ቀጠሉ። ላንድሮቨሬ ዳገት ላይ ከሰው እርምጃ ስለማትበልጥ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ጎን ለጎን ወጣን፤ እሳቸው በመስኮት እየገሠጹ፣ እኔ «ይፍቱኝ አባ» እያልኩ።

«አንተን ምን አደርግሃለሁ? የገደፈችው እሷ!»

ተሳልሜ ስመለስ መኪናዬን ሰው ከቧታል። አባ በአንድ እጃቸው የነዳጅ ጋኗን ክዳን፣ በሌላው ባዶ የጠበል ጆግ ይዘው ፈገግ አሉ።

«በል ንዳት ልጄ። ከላይ መርጨቱ አይበቃትም ብዬ በአፏ ጋትኳት።»