የጣይባ መረቦች

ጣይባን እልኸኛ ናት የሚሏት ሰዎች ልክ ናቸው። እኔ ፀሐይነሽ ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኗ ሰፍቻለሁና እልኋ ከየት እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አብረን ተቀጠርን፣ አብረን ወጣን፤ ኮምቦልቻ መናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሁለት የስፌት መኪና ተከልን። እሷ ስትሰግድ ደንበኛ እኔ አስተናግዳለሁ፣ እሁድ እኔ ቸርች ስሄድ እሷ ትከፍታለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ክፉኛ የተጣላነው አንዴ ብቻ ነው፤ በስድስት መረብ።

መረቦቹን ያሰፋው ዶክተር ምንይሉ ይባላል። ደሴ ያስተምራል፤ ሥራው ውሃ ውስጥ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ እንስሳትን መቁጠር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩንም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቀይ ባሕርን የሚያጠና መርከብ ከጅቡቲ ሊነሳ ነው፣ እሱም ተጋብዟል፤ እንስሳቱን የሚያጠምድበትን የውጭ አገር መረብ ግን ማግኘት አልቻለም። ስለዚህ ከዱቄት ወንፊት እጅግ የረቀቀ ጨርቅ ይዞልን መጣ። ጣይባ እንደ ሾጣጣ ቆብ አድርጋ ሰፋችው። ባሕር ጉልበተኛ ነው ብላም ስፌቱን ሦስት ጊዜ ደጋገመችበት። ፋብሪካ የተማርነው እንደዚያ ነው፤ ከሁሉ በፊት ይጠንክር።

ዶክተሩ አንዱን መረብ ወስዶ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ላይ ሁለት ወር ሠራበት። ሲመለስ ፊቱ በርቷል።

«ስፌቱ ንቅንቅ አላለም! ትንንሾቹ እንስሳት ግን አምና በተዋስኩት የውጭ መረብ ከቆጠርኳቸው በግማሽ ቀንሰዋል። ትልቅ ነገር ነው። ጽሑፉን ለሳይንስ መጽሔት ልኬዋለሁ፤ መርከቡ ላይም አቀርበዋለሁ።»

«ውፍረታቸው ምን ያህል ነው?» አለች ጣይባ።

«የፀጉር ያህል ቢሆን ነው።»

መረቡን አንስታ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው። በስፌቱ ላይ ብርሃን ነጠብጣብ እየሠራ ገባ። መርፌው የበሳው ነው፤ ሦስት መስመር ሙሉ።

«ከሐይቁ አልጠፉም። በኔ ቀዳዳ ነው የወጡት።»

ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኳት። ዶክተሩ ሌሎች መምህራንንም ወደ እኛ ሊልክ ቃል ገብቷል፤ ታዲያ ማን ጠየቃት? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

እሱ ሳቀ። «እትዬ ጣይባ፣ ይሄ የሳይንስ ጉዳይ ነው። እርስዎ አይጨነቁ።»

«ሳይንሱ ያንተ ነው፤ ቀዳዳው የኔ ነው።» ስድስቱንም ሰብስባ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችና ቁልፉን ጉያዋ ከተተች። «ሳይፈተሽ ወላሂ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

መርከቡ ሊነሳ አሥር ቀን ቀርቶታል። ዶክተሩ በሩን ወርውሮት ወጣ። እኔም «አንቺ ሴት፣ አብደሻል?» ብዬ ጮህኩባት። እሷ የሰው ሱሪ ማሳጠሯን ቀጠለች።

በማግስቱ ማይክሮስኮፕ ታቅፎ፣ በጠርሙስ የሐይቅ ውሃ ይዞ መጣ። ውሃውን በስፌቱ በኩል አፈሰሰው፣ የወረደውን በሳህን ተቀበለና ዓይኑን ደቀነ። ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ አየን። «አሉ» አለ። «ሞልተዋል።»

ቀዳዳውን መድፈን ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ማስቲሽ ሞከርን፤ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ረገፈ። ሁለት ቀን በዚህ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ጣይባ ለከሰዓቱ ሰላት እጅና እግሯን ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ ስትመለስ እጄን ለቀም አደረገችው። ለእህቴ ልጅ ሰርግ የጥፍር ቀለም ተቀብቼ ነበር።

«ይሄን የተቀባች ሴት ውዱእ አይሆንላትም። ለምን?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ያንቺ ሃይማኖት ነው!»

«ውሃ አያሳልፍማ!»

ዕድሜዋን ሙሉ ጥፍሯን ቀለም ያላስነካች ሴት ኮምቦልቻ ውስጥ ያለውን ቀይ የጥፍር ቀለም ለቃቅማ ገዛች። ባለሱቁ ጀሚል «ልትሞሸሪ ነው እንዴ?» ሲላት «አዎ፣ ለባሕር» አለችው። ሁለታችን ጎንበስ ብለን ስድስቱንም ስፌት ቀባን። ዶክተሩ ፈተሸው፤ በሳህኑ ውስጥ አንዲትም አልተገኘች። በደስታ ጮኸ፣ እኔም እልል አልኩ። ከዚያ መረቦቹን ሊጠቀልል እጁን ሲዘረጋ፣ ጣይባ መልሳ ቆለፈችባቸው።

«ሐይቁ ላይ የዋሸኸው ወሬስ?»

«ከጉዞው ስመለስ አርመዋለሁ፣ እትዬ ጣይባ። አሁን ብናገር መርከቡ ላይ ማን ያምነኛል?»

«አሁን።»

ቁልፉ ጉያዋ ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄድበት አውቶቡስ ነገ ነው። ሰውየው ቀላ፣ ጠቆረ፣ መጨረሻ ስልኩን አወጣና ለመጽሔቱ በእንግሊዝኛ ጻፈ። «በአማርኛ አንብብልኝ» አለችው።

«ቁጥሩ የተሳሳተው በመረቡ ጉድለት ነው፤ ጽሑፉን መልሼ ወስጃለሁ፣ ይላል።»

እኔ እፎይ አልኩ። ስማችን ሳይነሳ ታለፈ ብዬ ልቤ ረጋ። ጣይባ ግን ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«መረቡ ራሱን አልሰፋም፣ ልጄ። ጣይባ ሰይድ ሰፋችው በል። ቀዳዳውን ያየችውም ጣይባ ሰይድ ናት በል።»

ጻፈው። ስልኩን ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ስሟ ከነአባቷ መኖሩን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። ያኔ ቁልፉን አውጥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችለት።