ለእንግዳ የተቀዳ ናሙና

ሙያዬ ውኃ መመርመር ነው። ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለው የአክስቴ መንደር ምንጩ ናይትሬት በዝቶበታል፣ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው ሲባል ላኩብኝ። ከየት መጣ ለሚለው ግን መንደሩ እኔን አልጠበቀም፤ ከምንጩ በላይ ስንዴ የሚያርሱት ሽማግሌ ጎረቤቷ የሚጨምሩት ማዳበሪያ ነው ብሎ ቆርጧል። የአገር ሽማግሎች ከቄሱ ጋር ተቀምጠው፣ የእኔ ውጤት እስኪመጣ ማሳቸውን እንዳያርሱ ገዘቷቸው። ያላቸው ማሳ እሱ ብቻ ነው።

"የዘር ጊዜ ሳያልፍ ድረስልኝ፣ ልጄ" አሉኝ ጎረቤቷ።

"ይደርሳል፣ አያስቡ" አልኩ። አፌን ቁርጥ ያርገውና!

ነገሩ እንዲህ ነው። ናይትሬት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ዓይነት አለው፤ አንደኛው በጥቂቱ ይከብዳል። ናይትሬቱ ከእበት የመጣ ከሆነ ከባዱ ይበዛል፣ ከማዳበሪያ ከሆነ ያንሳል። አይሶቶፕ እያልን የምንኮራበት ይኸው ነው። እኔ ግን መንገዱ አንገላቶኝ ስለነበር ጠርሙሶቹን ለአክስቴ ሰጥቼ፣ ባሕር ማዶ እንደሚላኩ ነግሬያት፣ "ከምንጩ ቅጂልኝ" ብዬ ተኛሁ።

ውጤቱ መጣ። ናይትሬት የለም፤ የሚመዘን እንኳ ጠፋ። ደውዬ ከየት እንደቀዳች ጠየቅኋት።

"ከወንዙ ማዶ ካለው ከንጹሑ ምንጭ ነዋ! ያንን ጉድ ለፈረንጅ ልሰድልህ ኖሯል? ምን ይሉናል?"

ውኃውን ተሸክማ ዳገቱን ወጥታ ነው ያመጣችው። ብቆጣት ደስ ባለኝ፤ የተኛሁት ግን እኔ ነኝ።

ተመልሼ ሄጄ ራሴ ቀዳሁ። ሁለተኛው ውጤት ሲመጣ መስከረም ጠብቷል። ከባዱ በዝቷል፤ እበት ነው። ከምንጩ በላይ ያለው በረት ደግሞ አንድ ነው፤ የአክስቴ።

ስነግራት "አበስኩ ገበርኩ!" አለች። በማግስቱ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ አንገቷ ላይ ተሸክማ፣ ሽማግሎቹ ባሉበት ጎረቤቷ እግር ላይ ወደቀች። እኔም ተሸከምኩ፤ ትንሹን መርጬ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጎረቤቷ ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱላት። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። የእኔንም አወረዱ።

ከልባቸው ነበር። ማሳው ግን ያን ዓመት ጦሙን አደረ። እሳቸውም በስተርጅና፣ ለሰው ሰሊጥ ሊያጭዱ ቆላ ወረዱ።