አሥር ሳይሞላ

ሙዘይን በሐይቅ ከተማ እህል ይነግዳል እንጂ ስሙ የገነነው በመቆም ነው። ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይልና እንደ ምሰሶ ይገተራል። አባትየው ቢቆጣም ምሳ ቢያቀርብም ንቅንቅ የለም። በዚህ ዓይነት አሥራ ሰባት ትዳር አስይዟል። እኔም ጎረቤቱ በስምንቱ አብሬው ቆሜያለሁ፤ እግሬ ይመስክር።

አምና ግን ግራ ጉልበቱ ከዳው። ሲነሳ ቀጭ ይላል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ያስጮኸዋል። ይባስ ብሎ ልጁ ባድሩ የውጫሌውን የሰዓድን ልጅ ሰሚሃን ወደደ። ሰዓድ ሽማግሌ በማስቆም የታወቀ ነው። በእሱ ቤት መልስ ሳያገኝ የተቀመጠ ሽማግሌ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠራል፤ ሦስት ጊዜ የተላኩ ሽማግሌዎች እያነከሱ ተመልሰዋል።

ሙዘይን የቀዶ ጥገና ቢላ እየፈራ ሊታከም ደሴ ሄደ። ፊዚዮቴራፒስቷ እየሩስ ጉልበቱን አገላብጣ አየችው።

«ገና ጅምር ነው፤ ቀዶ ጥገና አያስፈልግዎትም። ጉልበትዎ ላይ ያለውን ሸክም ብቻ ይቀንሱ።»

ደስ ብሎት ተመለሰና ኩንታል መሸከም ተወ። ከወር በኋላ ሦስት ኪሎ ጨምሮ ሄደ።

«ሸክም ይቀንሱ አላልኩም?»

«ወላሂ አንድ ኩንታል አልነካሁም!»

«ሸክሙማ እርስዎ ነዎት!»

ከዚያ ወዲያ ቅባት የበዛበት ምግብ ቀረ። እየሩስ እንዳዘዘችው ከዘራውን በደህናው እግር በኩል ያዘ፤ ገበያተኛው ሁሉ «ተሳስተህ ይዘኸዋል» እያለ አሰለቸው። ዋናው መድኃኒት ግን ወንበር ነበር፦ በእጅ ሳይደገፉ መነሳት፣ መቀመጥ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠሩ አሥር ጊዜ። አሥር ሳይሞላ ማቋረጥ የለም። ደንበኛ ጤፍ ሊገዛ መጥቶ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል።

ሦስት ወር እንዲህ ከሠራ በኋላ ውጫሌ ሄድን። ሰዓድ «እንመካከርበታለን፤ መጀመሪያ ተቀመጡ» አለ። አልተቀመጥንም። አንድ ሰዓት አለፈ። ሰዓድ ተደላድሎ ጥርሱን ይፍቃል። ሙዘይን ላብ አጠመቀው፤ እኔ የባድሩ ፊት ትዝ አለኝ። ድንገት ጉልበቱ ታጠፈና ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

አለቀልን አልኩ። የሰዓድ ፊት በራ።

«ተቀመጥክ እንዴ?»

ሙዘይን ያለ እጅ ብድግ አለና «አንድ!» ብሎ ጮኸ። ጉልበቱ ደግሞ ታጠፈ። ብድግ፤ «ሁለት!»

የሰዓድ መፋቂያ ከአፉ ወደቀ። ስድስት ላይ በሩን አየ። ሰባት ላይ ወደ እኔ ዞሮ «አሥር ሲሞላ ምን ሊያደርግ ነው?» አለኝ። ነገሩን ባውቅም ፊቴን አጨፍግጌ «ከአሥር በኋላ እኔም አልይዘውም» አልኩት።

«ዘጠኝ!»

«ያ ረቢ! ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጥ!»

ሙዘይን አሥረኛውንም ጨረሰ፤ እየሩስን ይፈራታል። ከዚያ የደስታ እንባውን በኩታው ጠረገ።

በሠርጉ ቀን ሰዓድ ጠጋ አለው። «እውነቱን ንገረኝ ሙዘይን። ሳልሰጥህ አሥር ቢሞላ ኖሮ ምን ልታደርገኝ ነበር?»

«ልቀመጥ ነበራ!»