ቡሹን የነከርኩ ለታ

መንግሥት በየከተማው ዩኒቨርሲቲ በከፈተበት ጊዜ ልጄ የጨርቅ ዲዛይን ትማር ነበር። የመመረቂያ ሥራዋን እኔ እንድሸምንላት ሸዋ ሮቢት ስትመጣ አንድ ክንድ የሚሆን ቡናማ ነገር ጠቅልላ መጣች። ቆዳ ይመስላል፣ ጀርባው ላይ ስስ ጨርቅ ተለጥፎበታል፤ ሲያነሱት ግን አይከብድም።

«አባዬ፣ ቡሽ ነው» አለችኝ። «የዛፍ ልጥ ነው። ዛፉ አይቆረጥም፤ ልጡ ይገፈፍና መልሶ ይበቅላል።»

እኔ ቡሽ የማውቀው በወይን ጠርሙስ አፍ ላይ ነው። «አታሞኚኝ። ግራር ዙሪያውን ከተላጠ ለከርሞ ማገዶ ነው» አልኳት።

«ይኼኛው የውጭ ልብሱን ብቻ ነው የሚያወልቀው። የውስጡን አይነኩበትም።»

«እንግዲያ ካንቱ ይሻላል» አለች ባለቤቴ። «አንቱ በዚህ ሙቀት ካፖርትዎን መች አወለቁ?»

አስተማሪዋ የሰጣት ያችኑ አንድ ቁራጭ ነው። በሳምንቱ ተሸምኖ ካልቀረበ አትመረቅም።

ልጅቱ አክስቷን ልትጠይቅ ደብረ ሲና ወጣች፤ እዚያው አደረች። እኔ ደግሞ የቡሹን ጠርዝ አጠፍ ባደርገው ሊሰነጠቅ ሆነ። ደረቅ ልጥ ሳይነከር እንደማይታሰር ጎጆ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ተንሳፈፈብኝ። ድንጋይ ጫንኩበት።

በማግስቱ ባየው፣ ከጀርባው በሙጫ የተለጠፈው ጨርቅ ተላቆ ለብቻው ቀርቷል። ቡሹ ውሃ የነካውም አይመስል።

ልጄ መጥታ ሳፋውን አየችና ቁጭ አለች። «ጨረሱኝ፣ አባዬ። ያለዚያ ጨርቅ ሲሳብ ይበጠሳል።»

«አበላሽቻለሁ» አልኳት።

ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። ሲሳብ ከተበጠሰ አይሳባ! ውጥረቱን መያዝ ያለበት ጥጡ ነው። «ቀጫጭን አርገሽ ቁረጪልኝ» አልኳትና የሽመና ጉድጓዴ ገባሁ። ሁለት ጊዜ የጥጥ ማግ እወረውራለሁ፤ ከዚያ አንዷን የቡሽ ቅዳጅ በድሩ መሐል በእጄ አስተኛታለሁ። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትቆርጣለች፣ እኔ አስተኛለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብን። ባለቤቴ ምሳችንን ጉድጓዱ አፍ ድረስ እያመጣች «ቡሹን ሲጨርሱ በሩን እንዳይሸምኑት» ትለናለች።

ልጄ ሥራውን ይዛ ዩኒቨርሲቲዋ ሄደች። አስተማሪው ገልብጦ ጀርባውን ዳበሰና «ሙጫው የታለ?» አላት።

«የአባቴ ሳፋ ውስጥ ቀርቷል» አለችው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ከት ብሎ ሳቀና ጥሩ ውጤት ሰጣት።

ይህን ስትነግረኝ ተናደድኩ። «ምናለ ሙጫውን አስቤበት ነው የተውኩት ብትዪው?»

«መዋሸቱን ማን አስተምሮኝ?» አለች።